ለ20 ሰው የሚሆን የማይንክራፍት ሰርቨር እንዴት ይደራጃል

የማይንክራፍት ሰርቨር ማስነሳት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ጣጣው የሚመጣው ቆይቶ ነው፦ አንዱ የሌላውን ቤት አፍርሶ «እኔ አይደለሁም» ይላል፣ ዓለሙ አንድ ቀን ጠዋት አልከፈት ይላል፣ ወይም የአካውንቱን የይለፍ ቃል ብቻውን የያዘው ሰው ድምፁ ይጠፋል። ለሦስቱም መዘጋጀት ያለባችሁ የመጀመሪያው ተጫዋች ሳይገባ ነው። እዚህ የምናወራው በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሰው ስለሚጫወትበት የጃቫ ኢዲሽን ሰርቨር ነው። ቤድሮክ የሚባለው ሌላው የጨዋታው ዓይነት ሶፍትዌሩም ፖርቱም ሌላ ስለሆነ እንተወው።

ማሽኑ

ጨዋታው ዓለሙን በሰከንድ 20 ጊዜ ያሰላል። እያንዳንዱ ዙር ቲክ ይባላል፤ የተሰጠውም ጊዜ 50 ሚሊሰከንድ ነው። ስሌቱ ከዚያ ካለፈ የሰበራችሁት ብሎክ ተመልሶ ይመጣል፣ ከብቱም ዞምቢውም ባለበት ይደርቃል። የዚህ ስሌት ዋናው ክፍል የሚሠራው በአንድ የፕሮሰሰር ኮር ላይ ስለሆነ አንድ ፈጣን ኮር ከ16 ዘገምተኛ ኮር ይበልጣል። ሰርቨር አከራዮች ማስታወቂያቸው ላይ የሚያጎሉት ራሙን ነው፤ እናንተ የፕሮሰሰሩን ሞዴል ጠይቁ። ካልነገሯችሁ ሌላ ፈልጉ።

ከራም፣ ሞድ (ጨዋታውን የሚቀይር ተጨማሪ ፕሮግራም) ለሌለው ሰርቨር ከ4 እስከ 6 ጊጋባይት ይበቃል፤ ከባድ የሞድ ጥቅል ካለ ከ8 ጀምሩ። ማሽኑ 8 ጊጋባይት ቢኖረው ስምንቱንም ለጃቫ፣ ማለትም ሰርቨሩ ለሚሠራበት ፕሮግራም፣ አትስጡት፤ ስርዓተ ክወናውና ጃቫ ራሱ ከተመደበው ውጪ የሚፈልጉት አለ፣ ራም ሲያልቅ ደግሞ ሊኑክስ መጀመሪያ የሚገድለው ብዙ የያዘውን ነው፣ ማለትም ሰርቨራችሁን። ስድስቱን ስጡ። ለጃቫ የምትመድቡትን ዝቅተኛና ከፍተኛ መጠን እኩል አድርጉት። ዲስኩ ኤስኤስዲ ካልሆነ ባትጀምሩት ይሻላል።

ቤት ባለ ኮምፒውተር ላይ የምታስነሱ ከሆነ ራውተሩ ላይ 25565 የቲሲፒ ፖርትን መክፈት አለባችሁ። ከዚያ በፊት ግን የራውተሩን ገጽ ከፍታችሁ የውጪውን አይፒ አድራሻ ተመልከቱ። አድራሻው ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከጀመረ፣ ወይም ኢንተርኔት ላይ «የእኔ አይፒ» ብላችሁ ከምታገኙት ከተለየ፣ የኢንተርኔት አቅራቢው አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኛ እያካፈለ ነው። ያኔ ፖርቱን መቶ ጊዜ ብትከፍቱ ከውጪ ማንም አይገባም። ሌላው ደግሞ በቤት ሰርቨር የቤታችሁን አድራሻ ለተጫዋቹ ሁሉ ነው የምትሰጡት፤ የተባረረ አንድ ተጫዋች ተናዶ የቤቱን ኢንተርኔት በጥቃት ሊያጥለቀልቀው ይችላል። ለአራት የቅርብ ጓደኛ ካልሆነ በስተቀር ተከራዩ።

ሶፍትዌሩና የመጀመሪያው ማስነሳት

ፔፐር የተባለውን የሰርቨር ሶፍትዌር ውሰዱ። ከመደበኛው ሰርቨር በጣም ይፈጥናል፣ ፕለጊንም (ሰርቨሩ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም) ይቀበላል። አንድ ቅሬታ ይኖራል፦ እቃ ማባዣ ዘዴዎችን ስለሚዘጋና አንዳንድ የሬድስቶን (የጨዋታው የኤሌክትሪክ ሽቦ መሰል ብሎክ) ባህሪን ስለሚቀይር የማሽን ሠሪ ተጫዋቾች ያኮርፋሉ። ማኅበረሰባችሁ የእነሱ ከሆነ ፋብሪክ የተባለውን የሞድ መጫኛ ሊቲየም ከተባለው ሞድ ጋር ተጠቀሙ። ከ1.20.5 ወዲህ ያሉት ቨርዥኖች ቢያንስ ጃቫ 21 ይፈልጋሉ።

ሰርቨሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ወዲያው ይጠፋል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የፈጠረውን የውል ፋይል ከፍታችሁ ፎልስ የሚለውን ትሩ በማድረግ እስክትስማሙ ይጠብቃል። ሰርቨሩን በሩት፣ ማለትም ሁሉን በሚችለው የማሽኑ ዋና አካውንት፣ አታስነሱት፤ ለእሱ ብቻ የሚሆን ተራ አካውንት ፍጠሩ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የሎግ ፎር ጄ (ጨዋታው መዝገብ ለመያዝ የሚጠቀምበት ሶፍትዌር) የደህንነት ክፍተት ሲገለጥ ቻት ላይ አንድ መስመር መጻፍ ብቻ በሰርቨሩ ላይ የፈለጉትን ኮድ ለማስኬድ በቂ ነበር። በሩት የሚሄድ ሰርቨር ያለው ሰው በአንድ መስመር ቻት ማሽኑን በሙሉ አስረከበ ማለት ነው።

ሰርቨር ዶት ፕሮፐርቲስ በሚለው ፋይል ውስጥ ከሚነኩት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ኦንላይን ሞድ፣ ማለትም የተጫዋቹን አካውንት ማረጋገጫ፣ ትሩ እንደሆነ ይቆይ። ፎልስ ካደረጋችሁት ማንም ሰው የአድሚኑን ስም ጽፎ አድሚን ሆኖ ይገባል፤ በኋላ ወደ ትሩ ስትመልሱት ደግሞ የሁሉም ተጫዋች መለያ ቁጥር ስለሚቀየር ሰው ሁሉ ባዶ ኪሱን ይነቃል። ዋይትሊስቱን፣ ማለትም መግባት የተፈቀደላቸውን ሰዎች ዝርዝር፣ አብሩ። ቪው ዲስታንስ (ለተጫዋቹ የሚታየው ርቀት) ሲነሳ 10 ነው፤ ይህ ማለት በእያንዳንዱ ተጫዋች ዙሪያ 21 በ21፣ ማለትም 441 ቻንክ (16 በ16 ብሎክ የሆነ የመሬት ቁራሽ) ነው። ወደ 6 ስታወርዱት 169 ይሆናል። 20 ሰው በየአቅጣጫው ሲበተን ይህ ልዩነት ከየትኛውም ማስተካከያ ይበልጣል። ስፖን ፕሮቴክሽን የተባለው የመነሻ ቦታ ጥበቃ ደግሞ ቢያንስ አንድ ኦፕ (ሙሉ ሥልጣን የተሰጠው ተጫዋች) ከሌለ አይሠራም፤ «አበራነው እኮ፣ ግን ያፈርሱታል» የሚባለው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው።

የዓለሙን ድንበር አሁኑኑ አጥሩ። ወርልድቦርደር የሚለው ትእዛዝ የሚቀበለው ከዳር እስከ ዳር ያለውን ስፋት ነው፤ 10000 ካላችሁት ከመሃል በየአቅጣጫው 5000 ብሎክ ነው። ከዚያ ቸንኪ በሚባለው ፕለጊን መሬቱን በሙሉ አስቀድማችሁ አስፈጥሩ። 10000 በ10000 ብሎክ 390,625 ቻንክ ነው፤ ማሽኑ በሰከንድ 100 ቢፈጥር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ይህ ካልተሠራ አንድ ሰው በኤሊትራ (በጨዋታው መብረሪያ ክንፍ) በበረረ ቁጥር ሰርቨሩ ፊቱ ያለውን መሬት ሲፈጥር የሌላው ሁሉ ጨዋታ ይንቀረፈፋል።

ባክአፕ

ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። ዓለሙ የሚቀመጠው ሪጅን በሚባሉ ፋይሎች ነው፤ እያንዳንዱ 32 በ32 ቻንክ፣ ማለትም 512 በ512 ብሎክ መሬት ይይዛል። በፋይሉ ራስጌ ላይ የትኛው ቻንክ የት እንዳለ የሚያሳይ ማውጫ አለ። ሰርቨሩ እየጻፈ ሳለ ፎልደሩን ከገለበጣችሁ ማውጫው የድሮው፣ ይዘቱ የአዲሱ ሊሆን ይችላል። ቅጂው ደህና ይመስላል፣ መጠኑም ትክክል ነው። ለመመለስ ስትሞክሩ ግን ያልተነበበው ቻንክ እንደ አዲስ መሬት ይፈጠራል፤ የአንድ ሰው ግንብ መሃሉ በ16 በ16 አራት ማዕዘን ተቆርጦ ሣር በቅሎበት ታገኙታላችሁ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ኮንሶሉ ላይ ሴቭ ኦፍ በሉና ሰርቨሩ በራሱ ጊዜ ዲስክ ላይ መጻፉን እንዲያቆም አድርጉ። ቀጥሎ ሴቭ ኦል ፍለሽ በሉ፤ ራም ላይ ያለው ሁሉ ወደ ዲስክ ይወርዳል፣ መቀመጡን የሚገልጸው መስመር እስኪመጣ ጠብቁ። ከዚያ ቅዱ። ሲያልቅ ሴቭ ኦን። ጨዋታው በዚህ ሁሉ ጊዜ አይቋረጥም።

አደጋው የመጨረሻው ትእዛዝ ላይ ነው። ቅጂውን የሚሠራው ስክሪፕት መሃል ላይ ቢሰናከል፣ ለምሳሌ ዲስኩ ቢሞላ፣ ሴቭ ኦን ሳይጻፍ ይቀራል። ሰርቨሩ ምንም ሳይመስለው ለቀናት ይሄዳል፣ የዓለሙ ለውጥ ግን ዲስክ ላይ በየጊዜው መጻፉ ቆሟል። መብራት የጠፋ ወይም ሰርቨሩ የወደቀ ዕለት የእነዚያ ቀናት ግንባታ ሁሉ የለም። ስለዚህ ስክሪፕቱ ቅጂው ቢሳካም ባይሳካም ሴቭ ኦን የሚል ሆኖ ይጻፍ፤ ሲሰናከልም ለአድሚኖቹ መልእክት ይላክ።

በየ6 ሰዓቱ ቅዱ። የመጨረሻዎቹን 8፣ ከዚያ የ7 ቀን አንድ አንድ፣ ከዚያ የ4 ሳምንት አንድ አንድ አስቀሩ፤ በድምሩ 19 ቅጂ ነው። ዓለሙ 3 ጊጋባይት ቢሆን 57 ጊጋባይት ይይዛል፣ ዓለሙም እያደገ ይሄዳል፤ የተቀየረውን ብቻ የሚያስቀምጥ እንደ ሬስቲክ ያለ መሣሪያ ይህን በጣም ይቀንሰዋል። ከዓለሙ ጋር የፕለጊን ፎልደሩንና የዋይትሊስት ፋይሉንም ውሰዱ፤ ኔዘርና ኤንድ የተባሉት የጨዋታው ሌሎች ዓለሞች በየራሳቸው ፎልደር ከተቀመጡ እነሱም አይረሱ። ከእነዚህ ቢያንስ አንዱ ቅጂ ሌላ ቦታ፣ በሌላ አካውንት ይቀመጥ። አከራዩ ራሱ የሚሰጠው የባክአፕ ቁልፍ ጥሩ ነው፣ ግን ክፍያ ዘግይቶ አካውንቱ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል።

በወር አንድ ጊዜ ደግሞ አንዱን ቅጂ የራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ አስነሱት። ሎግ ማየት አይበቃም፤ ገብታችሁ የምታውቁት ቤት ድረስ ሂዱና ሣጥን ክፈቱ።

ማን ምን መንካት ይችላል

ኮርፕሮቴክት የሚባለው ፕለጊን ማን የትኛውን ብሎክ መቼ እንደሰበረ፣ ከየትኛው ሣጥን ምን እንደወሰደ ይመዘግባል። የሚመዘግበው ከተጫነበት ጊዜ ጀምሮ ብቻ ነው፤ ቤት ከፈረሰ በኋላ መጫን ዋጋ የለውም። ክርክር ሲነሳ መጀመሪያ በመመርመሪያው ቦታውን መታ መታ አድርጋችሁ ስሙን እዩ። ስትመልሱ ሦስት ነገር ስጡት፦ የአጥፊውን ስም፣ ወደኋላ የሚሄደውን ጊዜና ክልሉን፣ ለምሳሌ 2 ሰዓትና 20 ብሎክ። ስሙን ከዘለላችሁት በዚያ ክልል ውስጥ ሁሉም ሰው በሁለት ሰዓት የሠራው ይጠፋል፤ ባለቤቱ መጠገን ጀምሮ ከነበረ ጥገናውም ጭምር።

ኦፕ ለሁለት ሰው ብቻ ስጡ። ለሌሎቹ ላክፐርምስ በሚባለው የፈቃድ ማከፋፈያ ፕለጊን ላይ ምድብ ፍጠሩ፦ ተጫዋች፣ አስተናባሪ፣ አድሚን። አስተናባሪው ማስወጣት፣ ቻት መዝጋትና የኮርፕሮቴክትን መዝገብ ማየት ይበቃዋል። ክሪኤቲቭ ሞድ (ማንኛውም እቃ በነፃ የሚገኝበት አጨዋወት) አያስፈልገውም፤ ከተሰጠው «ትንሽ አልማዝ ለጓደኛዬ» ብሎ የሚጀምር ሐሜት መላው ሰርቨሩን ያምሰዋል፣ እውነት ባይሆን እንኳ።

የኪራይ አካውንቱ፣ የዶሜይን ስሙና የዲስኮርዱ ባለቤትነት ከአንድ ሰው በላይ የሚደርስበት ይሁን። የሁለተኛው ማረጋገጫ መጠባበቂያ ኮዶች ሁለተኛው ሰው ጋ ይቀመጡ፤ የይለፍ ቃል ብቻውን በር አይከፍትም። ለወጪው መዋጮ መሰብሰብ ይቻላል፤ ለከፈለ ሰው ሰይፍ ወይም የተሻለ ጋሻ መስጠት ግን የጨዋታውን የአጠቃቀም ደንብ ይጥሳል። የስም ቀለም ይበቃል።

ደንቡ አጭርና በቁጥር የሚለካ ይሁን። «ተከባበሩ» ማንንም አያስማማም። «ከሌላ ሰው ግንባታ 100 ብሎክ ሳትርቅ ሳይፈቀድልህ አትሥራ»፣ «60 ቀን ያልገባ ሰው ቤት እንደተተወ ይቆጠራል» የሚሉት ግን ያስማማሉ። ቅጣቱም አብሮ ይጻፍ። አስተናባሪ የራሱን ጉዳይ አይዳኝ።

ሲንቀረፈፍ

አንድ ሰው ብቻ «ላግ አለ» ካለ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የእሱ ኔትወርክ ወይም ኮምፒውተር ነው። ሁሉም ካሉ ስፓርክ በሚባለው መመርመሪያ፣ መንቀርፈፉ እየታየ ሳለ፣ 10 ደቂቃ ለኩ፤ ካለፈ በኋላ የተወሰደ ልኬት ምንም አያሳይም። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በአንድ ቦታ የታጨቀ የመንደር ሰው፣ መቶ የሚደርስ ሆፐር (እቃ አስተላላፊ ብሎክ) ወይም ማቆሚያ የሌለው የጭራቅ እርሻ ነው። ባለቤቱን አነጋግሩና ይቀንስ። በየአምስት ደቂቃው መሬት ላይ ያለውን የሚጠርጉ «የላግ ማጽጃ» ፕለጊኖችን አትጫኑ፤ የሞተን ሰው እቃ ይጠርጋሉ፣ ምክንያቱንም ይሸፍናሉ።

መክፈቻ

ሁሉንም ሰው በአንድ ምሽት አትጥሩ። አምስት ሰው አስገቡና በአራቱም አቅጣጫ ይበተኑ፤ ቲኩ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች መሆኑን እዩ። አንዱ ሆን ብሎ ግድግዳ ያፍርስ፣ አስተናባሪው ይመልሰው። ከዚያ ሰርቨሩን ስቶፕ በሚለው ትእዛዝ አጥፍታችሁ ከባክአፑ አስነሱት። ሦስቱ ከሠሩ የቀሩትን በየቀኑ አምስት አምስት እያደረጋችሁ ዋይትሊስቱ ላይ ጨምሩ።

አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ተጫዋቾች በዚያው ምሽት ይጎተጉታሉ። ኮርፕሮቴክትና ላክፐርምስ ለዚያ ቨርዥን እስኪወጡ ጠብቁ፣ ቅጂ ላይ ሞክሩት፣ ቀኑንም ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት አሳውቁ። ዓለሙ በአዲሱ አንዴ ከተከፈተ በአሮጌው ቨርዥን መልሶ አይከፈትም።