የእንቁላል ሳንዱች ዳቦ እንዳይርስ ያደረግኩት

ጠዋት ቸኩዬ የምሠራው እንቁላል ሳንዱች ቢሮ እስክደርስ ዳቦው ርሶ ይቦጫጨቅ ነበር። ዳቦ ቤት ብቀይርም ያው ነው።

ውሃው የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ ቲማቲሙ ነው፤ በተለይ ፍሬው ያለበት ፈሳሽ። ሌላው የእንቁላሉ እንፋሎት ነው። ትኩሱን በፌስታል ሲጠቀልሉት እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ተመልሶ ዳቦው ላይ ውሃ ይሆናል።

አሁን ቲማቲሙን ሰንጥቄ ፍሬውን በማንኪያ አወጣለሁ። የቀረውን ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር በትንሽ ዘይት ውሃው እስኪመጥ አቁላላለሁ። ከዚያ 2 እንቁላል መትቼ እጨምርበታለሁ። ሲበስል ሳህን ላይ ዘርግቼ ለብ እስኪል እተወዋለሁ።

ዋናው ነገር ግን አቮካዶው ነው። ጥቁር ዳቦ ለሁለት ከፍዬ፣ ውስጡን በደረቅ መጥበሻ ጠበስ አደርገዋለሁ። ከዚያ አቮካዶ በሎሚ አድቅቄ ሁለቱንም ገጽ እስከ ጠርዙ እቀባለሁ። ቅባቱ እርጥበቱ ወደ ዳቦው እንዳይገባ ያግዳል። ቅቤም ማዮኔዝም አያስፈልግም፤ ደግሞ እስከ ምሳ ያቆያል፣ እውነት! መጠቅለያው ወረቀት ይሁን፤ ትንሽ ያስተነፍሳል።

ረቡዕና ዓርብ በእንቁላሉ ፋንታ ፉል አስገባለሁ፤ መረቁን በደንብ አጥልዬ።