ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ የማይደረጉ ነገሮች

ላፕቶፕ መንቀራፈፍ ሲጀምር ብዙ ሰው አፉ ላይ የምትመጣው ቃል «ፎርማት ይደረግ» ናት፤ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ተደምስሶ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን ማለት ነው። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ፎርማት የሚያድነው ችግር አለ፤ የማያድነውም አለ። ሳይመረመር ከተደረገ የመመረቂያ ጽሑፉም፣ የልጆቹ ፎቶም ይሄዳል፤ ማሽኑ ግን ትንሽ ቆይቶ እዚያው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ይዩት። ዊንዶውስ ከሆነ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ። ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። እዚያ ላይ ሲፒዩ (ሥራውን የሚያሰላው ዋናው ቺፕ)፣ ሜሞሪ እና ዲስክ (ፋይል የሚቀመጥበት) የሚሉ ዓምዶች አሉ። ላፕቶፑ በሚያስቸግርበት ሰዓት የትኛው ነው 100 ፐርሰንት አካባቢ ተሰቅሎ የቀረው? ሜሞሪው ከሆነ ራም፣ ማለትም የተከፈቱ ፕሮግራሞች ለጊዜው የሚያርፉበት ቦታ፣ አንሶታል ማለት ነው፤ ወይም ክሮም ላይ የከፈቱት ታብ በዝቷል። ሲፒዩው ከሆነ ዓምዱን ጠቅ ያድርጉት፤ የሚበላው ፕሮግራም ከላይ ይመጣል። ምንም ሳይከፍቱ ዲስኩ ለረጅም ደቂቃ 100 ላይ ከቆመ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ሀርድ ዲስኩ ይዞራል።

እዚህ ላይ ሌላ ከባድ ስህተት አለ፤ እየሞተ ባለ ዲስክ ላይ መሞካከር። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰሙ፣ ፎልደር ሲከፍቱ ማሽኑ ቀጥ ካለ፣ ፋይል ኮፒ ሲያደርጉ መሀል ላይ እየተቋረጠ ካስቸገረ፣ ሌላውን ሁሉ ይተዉት። ዲፍራግም (የተበታተኑ ፋይሎችን ማሰባሰብ) ስካንም አያዝዙበት፤ ለደከመ ዲስክ ተጨማሪ ሸክም ነው። መጀመሪያ አስፈላጊውን ፋይል ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ያውጡ። ዲስክ ይገዛል፤ የጠፋ ፋይል ግን አይገዛም።

ገንዘብ ያለቦታው የሚወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ችግሩ ዲስኩ ሆኖ ሳለ ሰው ራም ያስጨምራል፤ ፍጥነቱ ወይ ፍንክች! የድሮ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ በሰከንድ የሚያነበው 100 ሜጋባይት ገደማ ነው። ኤስኤስዲ የሚባለው፣ የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ ግን፣ ተራው የሳታ ዓይነት እንኳ 500 አካባቢ ይደርሳል፤ ትንንሽ ፋይሎች ላይ ሲሆን ልዩነቱ ከዚህም በጣም ይሰፋል። በእኔ እምነት ለአሮጌ ላፕቶፕ ኤስኤስዲን የሚያህል የሚያዋጣ ወጪ የለም። ግን በግምት አይግዙ። ኤም ዶት ቱ የሚባለው ቀጭኑ ኤስኤስዲ ሳታም ኤንቪኤምኢም የሚባሉ ሁለት የአገናኝ ዓይነቶች አሉት፤ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ፣ ላፕቶፑ ግን አንዱን ብቻ ሊቀበል ይችላል። ራምም እንደዚሁ ነው፤ ዲዲአር 3 የሚባለውን የራም ትውልድ የሚወስድ ማሽን ላይ ዲዲአር 4 አይገባም። ቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ ጭራሽ አይቀየርም። ሱቅ ሲሄዱ ላፕቶፑን ይዘው ይሂዱ፤ ተከፍቶ ይታይ።

«ፍጥነት ይጨምራል» የሚሉ ማጽጃ ፕሮግራሞችን መጫን ሌላው ነው። አብዛኞቹ ራሳቸው ከበስተጀርባ እየሠሩ ሜሞሪ ይበላሉ። ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ላይ መጫንም ያው ነው፤ እርስ በርስ ይጣላሉ። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ መቆለፊያው የተሰበረ ሶፍትዌር ደግሞ የባሰ ነው። ጫኚው «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» ካለዎት እዚያው ላይ ያቁሙ፤ ቫይረሱን በሩን ከፍተው እያስገቡት ነው።

ላፕቶፑን አልጋና ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መሥራትም ቀላል ጥፋት አይደለም። የአየር መግቢያው ይዘጋል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ሲፒዩው ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፋኑ እየጮኸ ማሽኑ ከተንቀራፈፈ ይህን ይጠርጥሩ። ዓመታት የቆየ ከሆነ አቧራው ይጠረግ፤ ሙቀት እንዲያስተላልፍ ሲፒዩው ላይ የሚቀባው ቴርማል ፔስትም ይቀየር።

በመጨረሻ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቃት ነገር። ዊንዶውስ ላይ «ሻት ዳውን» ማለት ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ መዝጋት አይደለም። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው ከበራ፣ ሲስተሙ የራሱን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ሲነሳ ያንኑ ይጭነዋል። የተከማቸው ችግርም አብሮ ሊመለስ ይችላል። ከአዲስ የሚያስጀምረው «ሪስታርት» ነው። ማታ ማታ ዘግተው የሚያድሩ ከሆነም፣ ማሽኑ ሲያስቸግር መጀመሪያ ሪስታርት ያድርጉት፤ ከዚያ በኋላ ነው ታስክ ማኔጀሩን መክፈት።