ሐምሌ ላይ ለማረም አትቸኩሉ

ደብረ ማርቆስ ያለው ግቢዬ ውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ ድንጋዩ ሥር፣ ምንም ሳልዘራበት መስከረም በጠባ ቁጥር ቢጫ የሚለብስ ጥግ አለ። አደይ ነው። አምና የረገፈው ዘር ዝናብ ሲያገኝ በራሱ ይበቅላል። ብዙ ሰው ግን ሐምሌ ላይ «አረም በዛ» ብሎ ግቢውን ሙልጭ አድርጎ ያርማል፣ ከዚያ ለእንቁጣጣሽ አደይ ፍለጋ ይወጣል።

ቡቃያው ጣት እስኪያክል ታገሱ። ቅጠሉ ቀጠን ቀጠን ብሎ የተሰነጣጠቀው አደይ ነው። ሰፋ ብሎ ጠርዙ እንደ መጋዝ የሆነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚወጣው ደግሞ ጭጎጊት ነው፤ እሱን ሳታዝኑ ንቀሉት፣ ካፈራ ዘሩ ልብሳችሁ ላይ ተጣብቆ ቤት ድረስ ይከተላችኋል። አደዩ አብቦ ሲያበቃም ወዲያው አትጨዱት። አናቱ ሲደርቅ ግማሹን ዘር ለቅማችሁ በወረቀት ጠቅልሉ፣ ግማሹ እዚያው ይርገፍ።

አፈራችሁ ጥቁር ዋልካ ከሆነ የክረምቱ ጠላት ውሃ ነው። ከሰኔ በፊት መደቡን ስንዝር ያህል ከፍ አድርጉ፣ ዙሪያውን ውሃ መውረጃ ቅደዱለት።

ጽጌረዳን ለጥምቀት ማድረስ የምትፈልጉ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ከተገረዘ በኋላ እስኪያብብ በእኛ ብርድ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል፣ ስለዚህ ኅዳር 10 አካባቢ ግረዙት። ችግሩ ለጋው ቀንበጥ የሚወጣው ልክ ውርጭ በሚበረታበት ሰሞን ነው። ባሕር ዳር ያላችሁ 1,800 ሜትር ላይ ስለሆናችሁ ብዙም አትጨነቁ፤ እኛ ግን ከ2,400 በላይ ነን፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ምሽት ጆንያ እናለብሰዋለን፣ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ እንገልጠዋለን። ውርጭ ያቃጠለውን ቅጠል ቶሎ አትቁረጡት፤ አስቀያሚ ቢሆንም ከሥሩ ላለው ከለላ ነው።

ሮዝ ብላችሁ የገዛችሁት ሃይድራንጂያ ሰማያዊ ሆኖ ቢያብብ ሻጩ አላታለላችሁም። ብዙው የጎጃም ቀይ አፈር አሲዳማ ነው፣ አበባው ደግሞ አሲዳማ አፈር ላይ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሮዙን ከወደዳችሁት ሥሩ ዙሪያ ጥቂት አመድ በትኑ፣ ለውጡ ግን ቀስ ብሎ ነው። እኔ ሰማያዊውን እመርጣለሁ።

ከሁሉ የምወደው ግን በጋውን ሙሉ ጠፍቶ ከርሞ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል እንደ ቀይ ኳስ ከመሬት ብድግ የሚለው ስካዶክሰስ የተባለው አበባ ነው። ሥሩ ሽንኩርት ይመስላል፣ መርዛማ ስለሆነ ልጅና ከብት አይንካው። አንድ ጊዜ ባዶ ቦታ መስሎኝ በዶማ ሰነጠቅኩት፣ በጣም አዘንኩ። አሁን ቅጠሉ መድረቅ ሲጀምር አጠገቡ እንጨት እተክላለሁ፣ እስከ ግንቦት ማንም እዚያ እንዳይቆፍር።