ሲሞቅ አልነሣ የሚል አሮጌ መኪና፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

ማለዳ ከአዲስ አበባ በአንድ ቁልፍ ተነሥቶ የመጣ አሮጌ መኪና ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮና ዳገቱን ጨርሶ ደጀን ላይ ለምሳ ይቆማል። ሾፌሩ በልቶና ቡናውን ጠጥቶ ሲመለስ ሞተሩ አልነሣም ይላል። መካኒክ ተፈልጎ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ያልፋል፤ መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ «እስቲ ጋሼ፣ ያስነሡት» ሲል መኪናው ምንም እንዳልነበረበት ይነሣል። ችግሩ ከሙቀት ጋር መጥቶ ከሙቀት ጋር ስለሚሄድ ጥገናው ብዙውን ጊዜ በግምት ይሆናል። መጀመሪያ ባትሪ ይቀየራል፣ ቀጥሎ ካንዴላ (በሞተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን እሳት የሚረጨው ዕቃ)፣ ከዚያም የቤንዚን ፓምፕ፤ ገንዘቡ ያልቃል፣ መኪናው ግን በሚቀጥለው ጉዞ እዚያው ይቆማል። ስለዚህ ምርመራው መደረግ ያለበት መኪናው እምቢ ባለበት በዚያው ሰዓት ነው፤ መካኒክ አጠገብ ስለማይኖርም ሥራው የሾፌሩ ይሆናል። የሚያስፈልገው ዕቃም ብዙ አይደለም፤ አንድ ትርፍ ካንዴላ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ቮልትና ኦም የሚለካ ቴስተር፣ ጨርቅና አንድ ጀሪካን ውኃ ይበቃል።

ሙቀቱ ከቆመ በኋላ ለምን ይብሳል?

ሞተሩ ሲጠፋ በራዲያተሩ የሚዘዋወረው ውኃ ይቆማል፣ አየር የሚነፋውም ነገር አይኖርም። በሞተሩ ብረትና በጭስ ማውጫው የተከማቸው ሙቀት መውጫ ስለሚያጣ ኮፈኑ ሥር ወዳሉት ዕቃዎች ይዛመታል፤ በዚህ የተነሣ ካርቡራተሩ (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው)፣ የቤንዚን ፓምፑ፣ ኮይሉ (የካንዴላውን ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚፈጥረው) እና ሞተሪኖው (ቁልፉ ሲዞር ሞተሩን የሚያዞረው) በጉዞ ላይ ከነበሩበት ይልቅ ከቆሙ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ የበለጠ ይሞቃሉ። እንደጠፋ ወዲያው ቢያስነሡት የሚነሣ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላም የሚነሣ፣ በመካከሉ ግን እምቢ የሚል መኪና የዚህ ሙቀት ሰለባ ነው። ደጀን ላይ የከፍታው ነገር ይጨመርበታል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ስለሚበልጥ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ቤንዚንም ቶሎ ይተናል። ከ1,000 ሜትር በላይ የሚያስወጣውን ዳገት በከባድ ማርሽ ጨርሶ ወዲያው ሞተር ከማጥፋት ጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ፣ ማለትም ቆሞ በዝቅተኛ ዙር፣ ማቆየት ራሱ ግማሽ መድኃኒት ነው።

ሞተሩ ጨርሶ የማይዞር ከሆነ

ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ፣ ወይም እየከበደው ቀስ ብሎ ካዞረ፣ ቤንዚንና ካንዴላ ላይ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም። በመጀመሪያ ባትሪው ይለካ፤ ያረፈ ደህና ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፣ ሞተሪኖው በሚያዞርበት ሰዓትም ከ9.6 ቮልት በታች መውረድ የለበትም። ባትሪው ደህና ከሆነ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርጎ ሌላ ሰው ቁልፉን እንዲያዞር ማድረግ ነው። ከ0.3 ቮልት በላይ ከታየ ኔጋቲቩ ገመድ ወይም ማሰሪያው ቆሽሿል፤ ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት ይበቃዋል። መዳብ ሲሞቅ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ጠዋት የተቻለው ደካማ ግንኙነት እኩለ ቀን ላይ አይቻልም። ገመዱ ንጹሕ ከሆነ በሞተሪኖው ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማብሪያ) ውስጥ ያሉት የመዳብ መገናኛዎች ተበልተው ይሆናል፤ እነሱን ብቻ መቀየር ይቻላልና ሙሉ ሞተሪኖ ለመግዛት መቸኮል አይገባም። በሞተሪኖውና በጭስ ማውጫው መካከል የነበረው ቆርቆሮም በቦታው መኖሩን ማየት ተገቢ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ከተፈታ በኋላ ተመልሶ የሚታሰረው አልፎ አልፎ ነው።

ሞተሩ ጥቂት ዞሮ ወደ ኋላ እንደሚመታ ሆኖ ከቆመ ደግሞ ታይሚንጉ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት) ወደ ፊት ተገፍቶ ሊሆን ይችላል። ለመለየት ከኮይሉ ወደ ዲስትሪቢውተሩ (እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው) የሚሄደውን ወፍራም ገመድ ነቅሎ፣ ጫፉን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክቶ ማዞር ነው፤ ያን ጊዜ በቀላሉ ከዞረ ባትሪውም ሞተሪኖውም ነፃ ናቸው።

ሞተሩ እየዞረ የማይነሣ ከሆነ

አሁን ጥያቄው የጠፋው የካንዴላው እሳት ነው ወይስ ቤንዚኑ የሚል ነው። ትርፉን ካንዴላ በአንዱ ገመድ ላይ ሰክቶ፣ አካሉን ከካርቡራተሩ ራቅ አድርጎ በሞተሩ ብረት ላይ አስነክቶ ማዞር ይገባል። እሳቱ ወፍራምና ሰማያዊ ከሆነ ወደ ቤንዚኑ ይታለፍ። ቀጭንና ቢጫ ከሆነ ወይም ጭራሽ ከሌለ ኮይሉ፣ ከፑንቲናው (የኮይሉን ኤሌክትሪክ እየከፈተ የሚዘጋው) ጋር የሚሠራው ኮንደንሰር፣ ፑንቲና በሌላቸው መኪኖች ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ክፍሉ ይጠረጠራል። ቁልፉን ዘግቶ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ በኮይሉ አካል ላይ ብቻ ማሳረፍ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ጨርቁን አንሥቶ እሳቱን እንደገና ማየት ነው፤ ከተመለሰ ጥፋተኛው ተገኝቷል። በኦም ሲለካ በፑንቲና የሚሠራ ኮይል የቀጭኖቹ ዋልታዎች መካከል አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኦም፣ ከውጭ ሬዚስተር ያለው ደግሞ 1.5 ገደማ ያሳያል፤ ግን በትኩሱ ካልተለካ ልኬቱ ዋጋ የለውም። በእኔ ግምት ኮንደንሰሩ ርካሽ ስለሆነ ከኮይሉ አስቀድሞ ቢቀየር ይሻላል።

ቤንዚን አነሰው ወይስ በዛበት?

እሳቱ ደህና ሆኖ ሞተሩ ካልተነሣ መንታ መንገድ ላይ ተደርሷል፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። አንደኛው፣ በቱቦውና በፓምፑ ያለው ቤንዚን ተንኖ ፓምፑ ትነቱን ይጨምቃል እንጂ ፈሳሹን አይገፋም፣ ካርቡራተሩም ይደርቃል። ሁለተኛው፣ በካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ፈልቶ ወደ ሞተሩ እየተንጠባጠበ ያፍነዋል። ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲሰማቸው ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ቤንዚን መስጫውን ደጋግሞ መርገጥ ግን የታፈነውን ጭራሽ ይቀብረዋል።

መለያው ዓይን ነው። ሲጋራም ሆነ ማንኛውም እሳት በሌለበት የአየር ፊልትሮውን ክዳን አንሥቶ ወደ ካርቡራተሩ ጉሮሮ መመልከት ይገባል። ሞተሩ ሳይዞር ቤንዚን ከመሐሉ ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ፣ ሽታውም የሚሰነፍጥ ከሆነ ታፍኗል። ምንም የማይታይ ከሆነ የቤንዚን መስጫውን ዘንግ በእጅ መግፋት ነው፤ ደህና ካርቡራተር ቀጭን የቤንዚን ጅረት ይረጫል፣ የደረቀው ግን አየር ብቻ ወይም ጥቂት አረፋ ይተፋል።

ለታፈነው፣ ክዳኑን መልሶ፣ ቤንዚን መስጫውን እስከ ታች ረግጦ ሳይለቁና ሳይደጋግሙ 10 ሰከንድ ያህል ማዞር ትርፉን ቤንዚን ያወጣዋል። ዘላቂው መፍትሔ የተንሳፋፊውን ከፍታና የመርፌውን መዝጊያ ማስተካከል፣ በካርቡራተሩና በሥሩ ባለው ብረት መካከል ወፍራሙ የሙቀት መከላከያ መኖሩን ማረጋገጥ ነው፤ ብዙ አሮጌ ቶዮታ ዲኤክሶች ይህ ዕቃ ተሰብሮ በቀጭን የወረቀት ጋስኬት ተተክቶባቸዋል። ለደረቀው፣ እርጥብ ጨርቅ በፓምፑና በቱቦው ላይ ማልበስ ያስነሣዋል፤ ውኃ በጋለ የጭስ ማውጫ ላይ መድፋት ግን ብረቱን ይሰነጥቃል። ቤት ሲገባ ቱቦው ከጭስ ማውጫው እንዲርቅ ይደረግ፣ ትርፉን ወደ ታንኩ የሚመልሰው መስመር ካለ አለመደፈኑ ይታይ፣ የፓምፑ ዲያፍራምም ይፈተሽ።

በኢንጀክሽን የሚሠሩት፣ ማለትም ቤንዚኑ በግፊት የሚረጭላቸው፣ መኪኖች ካርቡራተር ስለሌላቸው በሙቀት የሚያስቸግራቸው በአመዛኙ የውኃውን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር፣ የፓምፑ ሪሌ (ኤሌክትሪኩን የሚያበራለት ማብሪያ) ወይም ሲጠፋ ግፊት የማይዝ የቤንዚን መስመር ነው። በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ሴንሰሩ በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ወደ 300 ኦም ያሳያል፤ ሞተሩ ግሎ ከዚህ እጅግ የራቀ ቁጥር ከታየ ሴንሰሩ ይቀየር።

የናፍጣ መኪና

በአሮጌ ላንድሮቨርና በመሰሎቹ ባለ ሮታሪ ፓምፕ የናፍጣ ሞተሮች ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ሞተሪኖው በደንብ ያዞራል፣ ሞተሩ ጠዋት በቀላሉ ይነሣል፣ ሲግል ግን አይነሣም። የፓምፑ የውስጥ ክፍሎች ተበልተው ሲሰፉ በሙቀት የቀጠነው ናፍጣ በክፍተቱ ያመልጣል፣ ለኢንጀክተሮቹ የሚበቃ ግፊትም አይፈጠርም። ፓምፑን ከመውቀስ በፊት ግን የናፍጣ መዝጊያ ሶሌኖይድ ካለው ቁልፉ ሲከፈት «ጠቅ» ማለቱ ይደመጥ፤ ዝም ካለ ጥፋቱ የርሱ ወይም የሽቦው ነው። ድምፁ ካለ በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ በፓምፑ ላይ አልብሶ ጥቂት መጠበቅ ነው፤ ያን ጊዜ ከተነሣ ፓምፑ አርጅቷል። በጋለ ፓምፕ ላይ ውኃ በቀጥታ ማፍሰስ የውስጥ ክፍሎቹን ሊያጣብቅ ስለሚችል ጨርቁን ማለፍ አይገባም። ማርጀቱ እንዲህ የታወቀ ፓምፕ ወደ ናፍጣ ፓምፕ ጠጋኝ መሄድ አለበት፤ የፓምፕ መፈተሻ ማሽን በሌለው ጋራዥ የሚደረግ ማስተካከያ ጭሱን ያበዛዋል እንጂ በትኩሱ አያስነሣውም።