ጥቁሩ ጥቁር አልሆን ሲል

ድሬዳዋ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ፎቶ በእጃቸው የሚያትሙ ሰዎች ይዘውልኝ የሚመጡት ችግር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ፎቶው አመድ የነፋበት ይመስላል። ሁሉም መጀመሪያ የሚያደርጉት ደግሞ ኮንትራስቱን፣ የጥቁሩንና የነጩን ልዩነት፣ መጨመር ነው። እባካችሁ፣ ከዚያ በፊት ለኩ።

መብራት ሁሉ ጠፍቶ፣ የጨለማ ክፍሉ ቀይ መብራትም ጭምር፣ ከፎቶ ወረቀቱ ሁለት ቁራጭ ቁረጡ። አንዱን ቀጥታ ፊክሰር (ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል) ውስጥ ክተቱት። የወረቀቱ ነጭ እሱ ነው። የወረቀቱን ካርቶን ዘግታችሁ መብራት አብሩና ሁለተኛውን ሙሉ ጊዜውን ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ውስጥ አቆዩት፤ ከዚያ ፊክሰር። ከዚያ በላይ ጥቁር ወረቀቱ የለውም። ሲደርቁ ከፎቶው አጠገብ አስቀምጣችሁ አወዳድሩ። ዴንሲቶሜትር (የጥቁረት መለኪያ) ያለው ሰው በቁጥር ያየዋል፦ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ጥቁሩ 2.0 አካባቢ ነው፣ ማለትም ከብርሃኑ 1 በመቶ ብቻ ይመልሳል። 1.5 ካነበበ ከ3 በመቶ በላይ እየመለሰ ነው። ዓይን ይህን ልዩነት ወዲያው ያውቀዋል።

ነጩ ደህና፣ ጥቁሩ ደካማ ከሆነ፦ ፎቶው ከዴቨሎፐር ቶሎ ወጥቷል። እዚህ ደጋግሜ የማየው ይህንን ነው። ዴቨሎፐር የሚሠራው ለ20 ዲግሪ ነው፤ የኛ ክፍል ከሰዓት በኋላ 30 ያልፋል። ምስሉ ፈጥኖ ይወጣል፣ በቀይ መብራት የጠቆረ ይመስላል፣ ሰውየው ደንግጦ ያወጣዋል። ሐረር ላይ አሪፍ የሚያትም አንድ ወዳጄ እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር መጥቶ ሲሠራ ፎቶዎቹ ሁሉ ገረጡ። ወረቀቱን ወቀሰ፣ ኔጌቲቩን ወቀሰ፣ ኮንትራስቱን እስከ ከፍተኛው ደረጃ፣ 5፣ ወሰደው። የሙሽራዋ ቀሚስ ጥልፉ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ሆነ፤ ጥቁሩ ግን ያው ግራጫ ነበር። ኮንትራስቱን ወደ 2 መልሰን፣ የኢንላርጀሩን (ኔጌቲቩን አጉልቶ ወረቀቱ ላይ የሚጥለው መሣሪያ) ብርሃን ቀነስንና ወረቀቱን ሙሉ ጊዜ አቆየነው። የሙሽራው ሱፍ ጠቆረ፣ ጥልፉም ተመለሰ።

ስለዚህ ምስሉ ከጠቆረባችሁ ብርሃኑን ቀንሱ እንጂ ዴቨሎፐሩን አታሳጥሩ። አርሲ (በፕላስቲክ የተሸፈነ) ወረቀት ከ60 እስከ 90 ሰከንድ፣ ፋይበር (ፕላስቲክ የሌለው) ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይፈልጋል። የዴቨሎፐሩን ትሪ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡ። በረዶ የሞላ የተከደነ ጠርሙስ ሳፋው ውስጥ እንጂ ዴቨሎፐሩ ውስጥ አይገባም! በረዶ በቀጥታ የሚጨምሩ አሉ፤ ያቀጥኑታል። ቡናማ የሆነ ዴቨሎፐርም ይደፋ፣ አትቆጥቡት።

የፎቶው ነጭ ራሱ ግራጫ ከሆነ፦ ብርሃን ያላየ ቁራጭ በድፍን ጨለማ ዴቨሎፐር አድርጋችሁ ፊክሰር ክተቱት። ከጠቆረ ወረቀቱን ሙቀት በልቶታል፤ ነጭ ከሆነ ጥፋተኛው ቀይ መብራታችሁ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ስር የከረመ ወረቀት እንደ አዲስ የሚሸጡ ነጋዴዎች ያናድዱኛል። ዴቨሎፐሩ ላይ ትንሽ ቤንዞትራያዞል (ይህን ግራጫነት የሚገታ ኬሚካል) መጨመር ቀለል ያለ ጉዳት የደረሰበትን ወረቀት ያድናል። አዲሱን ወረቀት ፍሪጅ ውስጥ አቆዩ፤ ስታወጡት ግን ሙቀቱ ሳይስተካከል አትክፈቱ፣ ያልበዋል።

ማት (የማያብረቀርቅ) ወረቀት ጥቁሩ 1.6 ላይ ቢቆም ጤናማ ነው። ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው ድምቀቱ ከተለዋወጠ ደግሞ የመብራት ኃይሉ መዋዠቅ ነው፤ ስታቢላይዘር ግዙ።