ሁለት ሳይክል የቀደማችሁን ጠይቁ፦ የኬሞ ጎንዮሽ ጉዳትን ከታካሚ ጓደኛ ጋር ማለፍ

ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) የወሰደ ሰው ግራ የሚጋባው አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም አጠገቡ በሌለበት ሰዓት ነው። ሌሊት ሽንት ቤት ሲገባ ሽንቱ ቀይ ሆኖ ያገኘዋል፤ ጠዋት ሲነቃ ትራሱ ላይ ፀጉር ይጠብቀዋል፤ ትናንት የወደደው ወጥ ዛሬ ብረት ብረት ይለዋል። ይህን ሁሉ ቀድሞ ያየ ሰው አለ፤ በቀጠሮ ቀን ጎኑ ተቀምጦ ግሉኮስ የተሰካለት ታካሚ ነው። ያ ሰው በትክክል ከተጠየቀ ብዙ ጭንቀት ያስቀራል። በደፈናው ከተጠየቀ ደግሞ ሊጎዳም ይችላል፤ የራሱን ኪኒን ያውሳል፣ ለእሱ የሠራውን ቅጠል ያዛል።

ስለዚህ መለያው ይህ ነው። በስንተኛው ቀን ይመጣል፣ ስንት ቀን ይቆያል፣ በምን ዘዴ ይታለፋል የሚለውን ታካሚ ጓደኛን ጠይቁ። ምን መድኃኒት፣ በምን ያህል መጠን፣ ልቀጥል ወይስ ላቁም የሚለው ለሐኪም ብቻ ነው።

ማንን መጠየቅ

ሰዎች የሚሳሳቱት ተመሳሳይ ካንሰር ያለበትን ሰው በመፈለግ ነው። መመሳሰል ያለበት መድኃኒቱ ነው። ሁለት የጡት ካንሰር ታካሚዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዷ ዶክሶሩቢሲን፣ ሌላዋ ፓክሊታክሴል ልትወስድ ትችላለች፤ የሚገጥማቸውም የተለያየ ነው። ዶክሶሩቢሲን ቀይ ስለሆነ ሽንትን ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ያቀላል፤ ያ ደም አይደለም፣ አያስደነግጥም። ፀጉርንም በደንብ ያረግፋል። ፓክሊታክሴል በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን መገጣጠሚያና ጡንቻን ያማል፣ እየቆየ ጣትን ያደነዝዛል። ሲስፕላቲን ማስታወክ ያበዛል፣ ኩላሊትና ጆሮን ሊጎዳ ይችላል፤ ጆሮ ከጮኸ ለሐኪም ይነገራል። ኦክሳሊፕላቲን ከቀዝቃዛ ነገር ጋር ያጣላል፤ ከፍሪጅ የወጣ ውሃ ጉሮሮን የሚያንቅ ይመስላል፣ ብረት መንካት ይወጋል። ቪንክሪስቲን ሆድ ያደርቃል። ካፔሲታቢን መዳፍና ውስጥ እግርን ያቀላል፣ ይልጣል፤ ፀጉርን ግን ብዙ ጊዜ አይነካም። በካፔሲታቢን ላይ ያለ ሰው «የእኔ ፀጉር አልረገፈም» ሲል ሰምቶ በዶክሶሩቢሲን ላይ ያለው ተስፋ ያደርግና በሦስተኛው ሳምንት ልቡ ይሰበራል።

በመጀመሪያው ቀን ሲስተሯን የመድኃኒቶቹን ስም በአማርኛ ፊደል እንድትጽፍላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ያንኑ መድኃኒት የሚወስድና ሁለት ሳይክል (የኬሞ ዙር) ያህል የቀደማችሁን ሰው ፈልጉ። ከጨረሰ ዓመት የሆነው ሰው ዝርዝሩን ረስቷል፤ አብሯችሁ የጀመረው ደግሞ እንደ እናንተው አያውቅም።

የምታገኙት የት ነው? ጥቁር አንበሳም ሆነ ጎንደር፣ ጅማ ወይም ሐዋሳ፣ የደም ምርመራ ውጤት በሚጠበቅበት አግዳሚ ላይ። ያ ወረፋ ረጅም ስለሆነ ለወሬ ይመቻል። ከክልል ወደ አዲስ አበባ ለሚመጡ ደግሞ የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ማረፊያ፣ ለታመሙ ሕፃናት ወላጆች የተስፋ አዲስ ወላጆች ማኅበር አለ። እዚያ የሚያርፉ አስታማሚዎች ከብዙ ታካሚ የተሻለ ያውቃሉ፤ እነሱንም ጠይቁ።

እንዴት መጠየቅ

«እንዴት ነሽ?» ካላችሁ መልሱ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ ወሬውም እዚያው ያበቃል። ጥያቄው ቁጥር የሚያስመልስ ይሁን፦ ማስታወኩ በስንተኛው ሰዓት ጀመረሽ? በስንተኛው ቀን እህል ቀመስሽ? የመጀመሪያው ጉርሻ ምን ነበር? በሁለተኛው ሳይክል ባሰ ወይስ ቀለለ? ለሐኪሙ ምን ብለሽ ስትነግሪው መድኃኒት ቀየረልሽ? ከሁሉም በላይ የምትጠቅመው የመጨረሻዋ ናት።

ደብተር ያዙ። ኬሞ የተሰጠበት ቀን 1 ይባላል፤ ሳይክሉ በየ3 ሳምንቱ ከሆነ እስከ 21 ቁጠሩ። በየቀኑ አንድ መስመር፦ ትኩሳት፣ ስንት ጊዜ አስታወከ፣ ስንት ጊዜ ሰገራ ተቀመጠ፣ ምን በላ፣ ተኛ ወይስ አልተኛም። መጻፍ የማይችል ሰው በቴሌግራም ለጓደኛው በድምፅ ቢልክ ያው ነው። ከሁለት ሳይክል በኋላ የራሳችሁ ካላንደር ይኖራችኋል፤ ሠርግ የሚኬድበትና ቤት የሚዋልበት ቀን ይለያል። ለሐኪሙም «በጣም አመመኝ» ከማለት «በ3ኛው ቀን 6 ጊዜ አስታወኩ» ማለት ይሻላል፤ መድኃኒት የሚያስቀይር ንግግር እሱ ነው።

ገና ወንበሩ ላይ

መርፌው የተሰካበት ቦታ ካቃጠለ፣ ካበጠ ወይም ካመመ ወዲያው «ሲስተር፣ ያቃጥላል» በሉ። እንደ ዶክሶሩቢሲን ያሉ መድኃኒቶች ከደም ሥር ወጥተው ሥጋ ውስጥ ከፈሰሱ ቆዳን ያቆስላሉ። ብዙ ሰው ሲስተሯን ላለማስቸገር ዝም ይላል። የጎረቤት ወንበር ሰው ሥራ እዚህ ላይ ነው፤ ፊቱ የጠቆረን ሰው አይቶ መጣራት።

ከ1 እስከ 5፦ የማቅለሽለሽ ቀናት

የማስታወክ መከላከያ ኪኒን የሚዋጠው በታዘዘው ሰዓት ነው እንጂ ሲያቅለሸልሽ አይደለም። አንዴ ማስታወክ ከጀመረ ኪኒኑም አብሮ ይወጣል። ብዙ ሰው የመጀመሪያው ቀን በሰላም ሲያልፍ ኪኒኑን ያቆማል፤ ሁለተኛው ዙር ማቅለሽለሽ ግን ከ24 ሰዓት በኋላ መጥቶ እስከ 5ኛው ቀን ሊቆይ ይችላል። ከመከላከያዎቹ አንዱ የሆነው ዴክሳሜታዞን እንቅልፍ ስለሚነሳ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ ጠዋት መዋጥ ይሻላል፤ ስኳርንም ከፍ ያደርጋልና የስኳር ሕመም ያለበት ይለካ። ሌላው መከላከያ ኦንዳንሴትሮን ደግሞ ሆድ ያደርቃል፤ ውሃ በብዛት ይጠጣ።

ምግቡ በጥቂት በጥቂቱ፣ በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ ይሁን። ደረቅ ዳቦ፣ ቂጣ፣ አጥሚት፣ የገብስ ሾርባ፣ የዝንጅብል ሻይ። ከትኩስ ይልቅ የቀዘቀዘ ምግብ ሽታው ይቀላል (ኦክሳሊፕላቲን ላይ ላለ ሰው ግን ከፍሪጅ የወጣ አይሆንም)። ሽንኩርት ሲቁላላና ቡና ሲቆላ ታማሚው ከቤት ይውጣ፤ ወይም ቁሌቱ ጎረቤት ቤት ይሠራ። ዶሮ ወጥ የሚወድ ሰው በእነዚህ ቀናት ዶሮ ወጥ አይብላ፤ ሰውነት ማስታወኩን ከምግቡ ጋር ያያይዝና ከዚያ በኋላ ለወራት ሊጠላው ይችላል።

አንዳንዱ የሆስፒታሉን በር ሲያይ፣ እንዲያውም ታክሲ ላይ ሳለ ያስታውካል። ይህ እብደትም ድክመትም አይደለም፣ የተለመደ ነው፤ ለሐኪም ከተነገረ ከዋዜማው የሚወሰድ መድኃኒት አለው። ከጓደኛ ጋር ሌላ ወሬ እያወሩ መሄድም ይረዳል። ማንኛውንም ፈሳሽ ሆድ ውስጥ ማቆየት ሳይቻል 24 ሰዓት ካለፈ ግን ምክር አያስፈልግም፤ ወደ ሆስፒታል።

አፍ

ከ5ኛው ቀን አካባቢ ጀምሮ አፍ ሊቆስል ይችላል። ከመቁሰሉ በፊት ጀምሩ፦ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ፤ በየ3 ወይም 4 ሰዓቱ ተጉመጥምጡ፣ ትፉት። በየቀኑ አዲስ ይበጠበጥ። ሱቅ ውስጥ የሚያሳስተው ቤኪንግ ፓውደር ነው፤ ማሸጊያው ላይ «ሶዳ» የሚለውን አይታችሁ ግዙ። አልኮል ያለበት የአፍ ማጠቢያ ያቃጥላል። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሎሚና ቆሎ ለጊዜው ይቅሩ፤ አልጫ ሽሮ ፍትፍት፣ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል ይተኩ። ምላስ ላይ ነጭ ሽፋን ከታየ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል በጉምጥምጦሽ አይለቅም፤ ሐኪም ይየው።

ከ7 እስከ 14፦ ትኩሳት

ጓደኝነት ሕይወት የሚያተርፈው እዚህ ነው። በእነዚህ ቀናት ነጭ የደም ሴል ዝቅ ይላል፤ ጥቃቅን የሚመስል ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ዲጂታል ቴርሞሜትር ግዙ፤ አቅም ካልፈቀደ ቅርብ ለቅርብ የሚኖሩ ሁለት ታካሚዎች አንዱን በሳሙና አጥበው ይጋሩ። ጠዋትና ማታ፣ እንዲሁም ብርድ ብርድ ባለ ጊዜ ሁሉ ለኩ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ እስኪነጋ አይጠበቅም፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ሳይለኩ ፓራሲታሞል መዋጥ ትኩሳቱን ይደብቀዋል። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ሐኪም ካላዘዘ አይነኩም፤ ደም መድማትን ያባብሳሉ።

ድንገተኛ ክፍል በር ላይ የምትሉትን ቀድማችሁ ከጓደኛ ጋር ተለማመዱት፦ «ኬሞ ከወሰድኩ 9ኛ ቀኔ ነው፣ ትኩሳቴ 38.4 ነው።» «አመመኝ፣ አተኮሰኝ» ያለ ሰው ወረፋ ሊጠብቅ ይችላል፤ ኬሞ የሚለው ቃል የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይግባ። ሌሊት የሚነሳ ስልክና የታክሲ ሹፌር ቁጥር ደብተሩ ሽፋን ላይ ይጻፍ።

ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተትና ያልታጠበ ሰላጣ ሕክምናው እስኪያልቅ ይቆዩ። የሚከብደው ጠያቂው ነው። ዘመድ ተሰብስቦ ጉንጭ እየሳመ ሲገባ ታማሚው «አትምጡ» ለማለት ያፍራል። ስለዚህ አስታማሚው ወይም ታካሚ ጓደኛው ይደውል፦ «እስከ 14ኛው ቀን በስልክ ጠይቋት፤ ከዚያ በኋላ ቡና አብረን እንጠጣለን።» ከሌላ አፍ ሲወጣ አያስቀይምም።

ከሚቀጥለው ሳይክል በፊት የደም ምርመራ ውጤት ዝቅ ካለ ኬሞው ይራዘማል። ብዙዎች «መድኃኒቱ እምቢ አለኝ» ብለው ያለቅሳሉ። ቀጠሮው የተራዘመው ደም የሚሠራው መቅኔ እስኪያገግም ነው፤ የቀደማችሁም ሰው ሳይራዘምበት አይቀርም፣ ጠይቁት።

ሆድ

ተቅማጥ ከሆነ አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጡ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ይለቅ፣ የተረፈው ይደፋ። ከረጢቱ ከሌለ 6 ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በ1 ሊትር ውሃ። ከተለመደው በላይ 4 ጊዜና ከዚያ በላይ ሰገራ ከተቀመጠ፣ ወይም ደም ወይም ትኩሳት ካለበት ሆስፒታል ነው። ለድርቀት ተፈጭቶ በብዙ ውሃ የተበጠበጠ ተልባና አጭር የእግር ጉዞ ይረዳል። 3 ቀን ካለፈ ይነገር፤ በራስ ፈቃድ በመቀመጫ የሚሰጥ መድኃኒት አይሞከር።

ጣት ሲደነዝዝ

ይህን ብዙ ሰው ይደብቃል፤ መጠኑ እንዳይቀነስበት ይፈራል። ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅት ወይም ነጠላ ጫማ ከእግር ሲወልቅ አለመሰማት ከጀመረ በዚያው ቀጠሮ ንገሩ፤ ቆይቶ የተነገረ ድንዛዜ ላይለቅ ይችላል። ቤት ውስጥም በባዶ እግር አትሂዱ፤ የሙቅ ውሃውን ሙቀት በጣት ሳይሆን በክርን ፈትሹ።

ፀጉር መርገፍ የሚጀምረው ከ2ኛው እስከ 3ኛው ሳምንት ነው። ቀድሞ ማሳጠር ትራስ ላይ ከሚያስደነግጠው ያድናል። ሻሽ የማሰር ዘዴን ከጓደኛ ፊት ለፊት ተማሩት።

ጓደኛ የሚያሳስትባቸው ቦታዎች

የተረፈ ኪኒን መስጠት አንደኛው ነው፤ ስሙ አንድ ሆኖ ሚሊግራሙ ሊለያይ ይችላል። ቅጠላ ቅጠልና ዱቄት ሁለተኛው፤ ከኬሞው ጋር ተጋጭቶ ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ከመቅመስ በፊት ለሐኪም ይነገር። ጸበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ፣ የጾም ጉዳይም ከንስሐ አባት ጋር እንዲመከር አስታውሱት፤ ለታመመ ሰው መንገድ አለው። ሙስሊም ታካሚም በረመዳን ሕመምተኛ አለመጾም እንደሚፈቀድለት ያውቃል፤ ብቻውን ላለመብላት ብሎ እንዳይጾም አብሮት የሚበላ ሰው ይኑር።

ሌላው ማወዳደር ነው። «እኔ በ3ኛው ቀን ሥራ ገባሁ» የሚል ሰው ሳያውቅ ሌላውን ያሳፍራል።

ከአምስት እስከ ስምንት ሰው የሆነ፣ የቀጠሮ ቀኑ አንድ የሆነ ቡድን ይበቃል። በቴሌግራም ስትሰባሰቡ ሦስት ነገር ተስማሙ፦ የመድኃኒት መጠን አይጻፍም፣ ፎቶና የሰው ውጤት ያለ ፈቃድ አይለጠፍም፣ ትኩሳት ያለው ሰው ቡድኑ ውስጥ መልስ አይጠብቅም፣ ይሄዳል። ትንሽ እቁብ ቢኖር ለታክሲና ለቴርሞሜትር ይሆናል።

አንድ ሰው በ7ኛውና በ14ኛው ቀን መካከል ድምፁ ከጠፋ አንዴ ደውሉ፤ ካላነሳ በ1 ሰዓት ውስጥ ለአስታማሚው። ከቡድኑ ሰው ካረፈ ደግሞ ወሬውን በቴሌግራም አትልቀቁት። ሁለት ሰው መርጣችሁ አንድ በአንድ በስልክ ይንገሩ፤ በዚያ ቀን ወንበር ላይ ላለው ሰው ግሉኮሱ አልቆ ቤቱ እስኪገባ ይቆይ።