የፕሮቲን መድኃኒት በእንስሳ ሰውነት ውስጥ ሲፈርስ እንዴት ይከታተሉታል?

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዙሪያ ካሉት ፋርማሲዎች ወደ አንዱ ጎራ ብላችሁ ኢንሱሊን ብትጠይቁ ከፍሪጅ ነው የሚወጣላችሁ። የሚሰጠውም በመርፌ ነው። ፕሮቲን ስለሆነ ቢዋጥ ጨጓራና አንጀት ከጥብስ አይለዩትም። በመርፌ ቢገባም ግን መፍረሱ አይቀርም። አዲስ የፕሮቲን መድኃኒት ሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት ይህ አፈራረስ በእንስሳ ላይ ይጠናል። አካሄዱ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ጥያቄውን ማስተካከል። ስለ ፓራሲታሞል ከሆነ «ጉበት ወደ ምን ለወጠው?» ይባላል። የፕሮቲን መጨረሻ ግን የታወቀ ነው፤ ተቆራርጦ አሚኖ አሲድ ይሆናል፣ ሰውነትም መልሶ ይጠቀምበታል። እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ «ሳይፈርስ ምን ያህል ቆየ?» የሚለው ነው።

ቀጥሎ እንስሳውን መምረጥ። ብዙ የፕሮቲን መድኃኒቶች አንቲቦዲ (ፀረ እንግዳ አካል) ናቸው፤ ኤፍሲአርኤን የሚባል የሴል ተቀባይ ፕሮቲን ደግሞ አንቲቦዲን ከመፍረስ ያተርፋል። አብዛኛው የሰው አንቲቦዲ በሰው ደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 3 ሳምንት ገደማ የሚፈጅበት በዚህ ምክንያት ነው። የአይጥ ኤፍሲአርኤን ደግሞ የሰውን አንቲቦዲ ከሰው በበለጠ አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ የአይጥ ውጤት እንዳለ ለሰው አይሠራም። ዝንጀሮ ወይም የሰው ኤፍሲአርኤን እንዲኖረው የተደረገ አይጥ ይሻላል።

ሦስተኛው ምልክት ማድረግ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚሁ ላይ ነው። ፕሮቲኑ ላይ ጨረር የሚያወጣ አዮዲን 125 ይለጠፋል። ፕሮቲኑ ሲፈርስ አዮዲኑ ተላቆ ለብቻው ይዞራል፣ የአንገት እንቅርት ዕጢ ውስጥም ይከማቻል። ጨረር የሚቆጥረው መሣሪያ ግን ሁሉንም አንድ ላይ ይቆጥራል። መፍትሔው ቀላል ነው። የደም ናሙናው ላይ ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ ጨምሩና በሴንትሪፊውጅ አሽከርክሩት። ያልፈረሰው ፕሮቲን ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ከታች ይቀራል፤ ነፃው አዮዲንና ትንንሹ ቁራጭ ከላይ ፈሳሹ ውስጥ ይሆናል። የምትቆጥሩት ዝቃጩን ነው።

የደም መቅጃው ሰዓት እንደ መድኃኒቱ ይለያያል። ኢንሱሊን ትንሽ ስለሆነ በኩላሊት ይጣራል፣ ጉበትም ይቀበለዋል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ካልቀዳችሁ አመለጣችሁ። 150,000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ገደማ ለሚመዝነው አንቲቦዲ ግን ሳምንታት ያስፈልጋሉ።

በመጨረሻም በደም ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ መጠን ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ድንገት ቁልቁል ከወረደ እንስሳው የሰውን ፕሮቲን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካል አምርቶበት ሊሆን ይችላል። መርምሩና የዚያን እንስሳ ቁጥር ለብቻ አስቀምጡ። ከሌሎቹ ጋር ከደባለቃችሁት መድኃኒቱ ከእውነተኛው ይልቅ ቶሎ የሚጠፋ ይመስላል።